በየተራ ያየናት ልጅ

መጀመሪያ ያየሁት ውሃውን ነው። ጠዋት ለትምህርት ቤት ስቀሰቅሳት ልጄ ሺራ እንደ ወትሮው «ትንሽ ልተኛ» ብላ አልለመነችኝም። ብድግ ብላ ወደ ኩሽና ሄደችና ሁለት ብርጭቆ ውሃ አከታትላ ጠጣች። ሦስተኛውን ቀድታ ግማሹ ላይ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆመች፤ ከዚያ እሱንም ጨለጠችው። ስምንት ዓመቷ ነበር።

«ምን በልተሽ ነው እንዲህ የጠማሽ?» አልኳት።

«ሐም ሊ፣ ኢማ» አለችኝ በዕብራይስጥ። ሞቆኛል፣ እማዬ ማለቷ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰሞን ነበር። የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ፣ ጊቫት ኦልጋ የሚባል ሰፈር ነው፤ ባሕሩ አጠገባችን ስለሆነ ሙቀቱ ብቻውን አይመጣም፣ ወበቁን ጎትቶ ነው። አመንኳት። እኔም ሞቆኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው «ልጃችሁ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ አለባት» ተብለው ወንበር ላይ ደርቀው ለቀሩ እናቶችና አባቶች ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው በእኔ ቤት የሆነውን ነው፤ እሱንም እንደሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ፣ የሚያሳፍረኝን ጭምር።

ባለቤቴ ፈንታሁን ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የማሽን ሠራተኛ ነው። ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ይገባል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይወጣል። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ገብቼ ማታ ሦስት ሰዓት እወጣለሁ። አራት ልጆች አሉን፤ ሺራ ሦስተኛዋ ናት። ጠዋቱ የእኔ ነው፤ መቀስቀስ፣ ማልበስ፣ ቁርስ፣ ትምህርት ቤት ማድረስ። ከሰዓቱና ምሽቱ የእሱ ነው፤ ምሳ፣ የቤት ሥራ፣ ገላ ማጠብ፣ ማስተኛት። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እሱ ደረጃውን ሲወጣ እኔ ስወርድ እንገናኛለን።

«ወጡ ምድጃው ላይ ነው።»

«እሺ።»

«የትንሹ ጫማ ተቀዷል።»

«አየሁት። ሂጂ፣ አውቶቡሱ!»

ይኸው ነበር የትዳራችን ወግ። ጎረቤቶቻችን ያደንቁን ነበር። «እናንተ ቤት ልጅ ያለ ወላጅ አንድ ሰዓት አይውልም» ይሉናል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ሲሉ እኛን ያሉ ይመስለን ነበር።

በዚያው ሰሞን ፈንታሁን አንሶላ ማጠብ ጀመረ። ጠዋት ስነሳ እሱ ሄዷል፤ የሺራ አንሶላ ግን ታጥቦ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ገረመኝ፣ ደስም አለኝ። ሥራ ቦታ ካሮት እየላጥን ለሴቶቹ አወራሁላቸው።

«ሳትነግሪው?» አለችኝ አንደኛዋ።

«ሳልነግረው።»

«ወንድም የለውም?»

«አለው፤ እሱ ግን ካልሲውን እንኳ ከወለል አያነሳም» አልኳትና ሳቅን።

ለፈንታሁንም ደረጃው ላይ አመሰገንኩት። «እጅህ ይባረክ፣ አንሶላውን አየሁ» አልኩት። አንገቱን ደፋና «ምን አለው» ብሎ አለፈ። ከትሕትና ቆጠርኩለት።

እኔም የያዝኩት ነገር ነበረኝ። የሺራ ቀሚስ ወገቧ ላይ አልቆም አለ። ላስቲኩ ላልቶ ይሆናል ብዬ ወገቡን በመርፌ ሰበሰብኩት። ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና ሰበሰብኩት። መምህሯም ደውላ «ሺራ ክፍል ውስጥ ትተኛለች፤ ቤት ውስጥ ደህና ትተኛለች ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ለፈንታሁን አልነገርኩትም። በክረምቱ የደም ግፊቱ ወጥቶ «አትናደድ፣ አትጨነቅ» ተብሎ ነበር። እሱ ማሽኑን ይያዝ፣ ይህን እኔ እይዘዋለሁ፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ። አቅም እንዲሆናት ብዬም ጠዋት ጠዋት ማር በውሃ በጥብጬ አጠጣት ጀመር። እሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስትጠማበት፣ ፔቴል የሚሉትን ቀይ ጣፋጭ መጠጥ እየገዛ ይሰጣት ኖሯል። አንዳችን የሌላችንን አላወቅንም።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስመለሳት። በክፍሏ የሆድ ቫይረስ ገብቶ ስለነበር ከትምህርት ቤት አስቀረኋት። ተኝታ ስትተነፍስ አምስት ፎቅ ሮጣ እንደወጣች ነበር፤ ጥልቅና ፈጣን። አፏ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም ሊበላሽ የደረሰ ፍሬ ሸተተኝ። ማር በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። እኔ በየቀኑ አነበዋለሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው ላይ ተገናኘን። «አስመልሷታል፤ ቫይረስ ነው። አሁን ተኝታለች፣ አትቀስቅሳት» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ሄድኩ።

ደግነቱ አልሰማኝም። ሳሎን ሆኖ ትንፋሿ ተሰማውና ገባ። ጠራት። ነቀነቃት። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ ነጩ ይታያል። አምቡላንስ ጠራ። የመጣው ባለሙያ ጣቷን ወግቶ ስኳሯን በመለኪያው ሲያይ ቁጥር አልወጣም። «ሃይ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። መሣሪያው ከሚቆጥረው በላይ ነው ማለት ነው።

እኔ ዘንድ የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ደወለልኝ።

«ሺራን ትንሽ አሟት ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ። አትጨነቂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

«ምን አሏት?»

«ምንም። ውሃ ቀንሷት ነው።»

አመንኩትና ወደ ካሮቴ ተመለስኩ። ልጄ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትገባ እኔ ካሮት እየላጥኩ ነበር።

አትፍረዱበት። ከእኛ አገር ያልሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ደግፎ የሚይዝ እጅ ከተገኘ በኋላ ነው። አባቴ ጎንደር ሲሞት ለእኔ ከወር በላይ አልተነገረኝም፤ በዚያ ወር ውስጥ ሰርግ ሄጄ እስክስታ መትቻለሁ። ያረዱኝ የፈንታሁን አጎት አባባ አድማሱና ባለቤታቸው እማማ ጠጅቱ ናቸው፤ ማልደው መጥተው በሬን አንኳኩተው። ፈንታሁንም በዚያ ማክሰኞ ያደረገው የተማረውን ነው። እኔን የሚደግፍ እጅ ፈለገ።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ አለቃዬ «በር ላይ ሰዎች ይፈልጉሻል» አለችኝ። ሽርጤን እንደለበስኩ ወጣሁ። አባባ አድማሱና እማማ ጠጅቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱ አንድ ላይ፣ በሥራ ቀን።

«ነይ ልጄ፣ እንሂድ» አሉኝ አባባ።

«የት?»

«ፈንታሁን ጋ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«አባባ፣ የአባቴን መርዶ ሊነግሩኝ ሲመጡም ‹ማንም አልሞተም› ነበር ያሉኝ።»

ሁለቱ ተያዩ። መተያየታቸው ለእኔ ቀብር ነበር። አስፋልቱ ላይ ወደቅሁ። «ልጄን! ልጄን!» ብዬ ጮኽኩ። እማማ ጠጅቱ ክንዴን ይዘው «አልሞተችም! በኦሪት እምልልሻለሁ፣ ነፍሷ አለ!» ይላሉ። አላመንኳቸውም። እንዴት ልመናቸው? እንዲህ ማለት ደንቡ ነው። መኪና ውስጥ አስገቡኝ። እስክንደርስ ድረስ በሕይወት ላለች ልጄ አለቀስኩላት፣ ደረቴን ደቃሁ፣ ጉንጬን ቧጨርኩ። ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ ፊቴ ላይ ደም አይታ መጀመሪያ እኔን ልታክም ነበር።

አልጋው ትልቅ ነው። እሷ ትንሽ። በሁለቱም ክንዷ ቱቦ ገብቷል። ደረቷን አየሁ። ይነሳል። ይወርዳል። እንደገና ይነሳል። ቆሜ ቆጠርኩ። ያኔ ነው ያመንኩት።

ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ዕብራይስጡን ዝግ አድርጋ ነገረችን። «ኬቶአሲዶሲስ ይባላል። ሰውነቷ ኢንሱሊን መሥራት አቁሟል። ያለ ኢንሱሊን ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነቷ በስኳር ፈንታ ስብ ያቃጥላል፤ ደሟ አሲድ ይሆናል። አሁን ስኳሩን ቀስ ብለን ነው የምናወርደው። በፍጥነት ከወረደ አንጎሏ ሊያብጥ ይችላል።»

«ትተርፋለች?» አልኳት።

«ዛሬ አልመልስልሽም። ነገ ጠዋት ጠይቂኝ።»

ከዚያ ብዕር አነሳችና ትጠይቀን ጀመር።

«ብዙ ውሃ ትጠጣ ነበር?»

«አዎ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሦስት ሳምንት ይሆናል» አልኩ። ፈንታሁን ዞሮ አየኝ።

«ተኝታ አልጋዋ ላይ ትሸና ነበር?»

«ኧረ በፍጹም፣ ትልቅ ልጅ እኮ ናት» አልኩ።

«አዎ» አለ ፈንታሁን። «ሌሊት ሌሊት። ሦስት ሳምንት።»

እኔ ዞሬ አየሁት። በረንዳው፣ የተሰጣው አንሶላ፣ ካሮትና ሳቅ፣ ሁሉም ባንዴ ፊቴ ላይ መጡ።

«ክብደት ቀንሳለች?»

«አልቀነሰችም» አለ እሱ።

«ቀንሳለች። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ሰብስቤዋለሁ» አልኩ እኔ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሁለታችሁ የምትኖሩት አንድ ቤት ውስጥ ነው?» አለች።



ሌሊቱን በየሰዓቱ ይቀሰቅሷትና ስሟን ይጠይቋታል፤ የአንጎሏን ነገር የሚያውቁት በዚያ ነው። አንዳንዴ ትመልሳለች። አንዳንዴ አትመልስም። ባልመለሰች ቁጥር ነርሷ ብርሃን ዓይኗ ውስጥ ታበራለች። እኛ ግራና ቀኝ ቆመናል። ጠዋት ሐኪሟን ጠየቅኋት። «ዛሬም አልመልስልሽም» አለችኝ። በሁለተኛው ጠዋት ነው «ትተርፋለች» ያለችው።

በሦስተኛው ቀን ሺራ ነቅታ ቴሌቪዥን ጠየቀች። ያን ጊዜ ነው እኔና ፈንታሁን ኮሪደር ወጥተን የተጣላነው። ፍርሃታችን ሲለቀን ንዴታችን መጣ።

«አንሶላውን ደበቅኸኝ! እኔም እንደ ሞኝ አመሰገንኩህ!»

«ልጅቱ አፈረች። ‹ለኢማ አትንገራት› ብላ ለመነችኝ፣ ቃል ሰጠኋት። አንቺስ? መምህሯ ደውላ እያለ?»

«የአንተን ግፊት ፈርቼ ነዋ!»

«እኔ ሕፃን ነኝ? አሁን ግፊቴ የወረደ መሰለሽ?»

«ማክሰኞስ? ልጄ እየሞተች ‹ውሃ ቀንሷት ነው›?»

«ታዲያ ነግሬሽ አውቶቡስ ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ ትምጪ?»

ብዙ ተባባልን። በሩ ገርበብ ብሎ እንደነበር ያስተዋልነው ቆይተን ነው።

አንድ ሳምንት ከተኛች በኋላ ይዘናት ወጣን። ከመውጣታችን በፊት የስኳር ነርሷ አስተማረችን፤ መጀመሪያ ብርቱካን ላይ መርፌ መውጋት፣ ከዚያ በራሳችን ሆድ ላይ፣ በመጨረሻ በልጃችን ላይ። የፈንታሁን እጅ በማሽን የጠነከረ ወፍራም እጅ ነው፤ ብርቱካኑ ላይ ግን ተንቀጠቀጠበት፣ እኔ ነኝ ቀድሜ የቻልኩት። እሱ ደግሞ በሌላው በለጠኝ፤ ከእያንዳንዱ ምግብ ስንት ካርቦሃይድሬት እንደሚገኝና ለዚያ ስንት ዩኒት ኢንሱሊን እንደሚበቃ ማስላት ያውቅበታል። የምግብ ባለሙያዋ በሰጠችን ወረቀት ላይ ፒታው አለ፣ ኩስኩሱ አለ፣ እንጀራ የለም። «ይህን አላውቀውም» አለችን በግልጽ። ፈንታሁን ሚዛን ገዝቶ መጣና ሩብ እንጀራ፣ ግማሽ እንጀራ እየመዘነ፣ ከበላች በኋላ ስኳሯን እየለካ፣ ነርሷን በስልክ እየጠየቀ፣ የእኛን ቤት እንጀራ ልክ አወቀው። ዛሬ ነርሷ ወረቀቷ ላይ የጨመረችው የእሱን ልክ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ።

ሥራ ተመልሰን እንደ ድሮው መፈራረቅ ጀመርን። የምሳ መርፌ የእሱ እንዲሆን ተስማማን፤ ሺራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠብቃው፣ ወግቷት፣ ትበላለች። ሰው በሁለት እጁ ከተማመነ ግን ስምምነቱን ይዘነጋል። አንድ ረቡዕ እኔ ወግቼ አበላኋትና በስልክ ነገርኩት፤ «የእኔን ሥራ ለምን ትነኪያለሽ፣ ብደግመውስ?» ብሎ ተቆጣ፣ እኔም መለስኩለት። በማግስቱ ሐሙስ አውቶቡሱ አዘገየው። ልጅቱ እራበኝ አለች። ኢንሱሊኗን ወጋኋትና ምሳዋን ሰጠኋት። ሰዓቱ ሄዶብኝ ስሮጥ ደረጃው ላይ አገኘሁት።

«በልታለች!» አልኩት እየወረድኩ።

እኔ «ሁሉን ጨርሻለሁ» ማለቴ ነው። እሱ የሰማው «ሳልወጋ አበላኋት» ነው፤ በዋዜማው ስለተቆጣኝ መርፌውን ለእሱ የተውኩለት መስሎታል። ቆሜ አንዲት ቃል ብጨምር ይበቃ ነበር። አልቆምኩም።

እሱ ገብቶ እያጉረመረመ ብዕር የሚመስለውን የኢንሱሊን መርፌ አወጣ። ሺራ ክንዷን ሰጠችው። ወጋት። ከዚያ ልጆቹን ይዞ ወደ ናሓል ሐደራ ፓርክ ሄደ፤ ነርሷ «ትንሽ በእግሯ ትሂድ» ብላ ነበርና። ያኔ ስኳሯን ባለማቋረጥ የሚያነበው ሴንሰር ገና አልተለጠፈላትም።

ሺራ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቁጭ አለች። ላብ አጠመቃት። ስሟን ሲጠራት ምላሷ ተሳሰረ። ጭማቂ አፏ ውስጥ ሊያደርግላት ሞከረ፣ በከንፈሯ ፈሰሰ። ከዚያ መላ ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

ቦርሳው ውስጥ ግሉካጎን ነበር፤ ስኳር አለልክ ሲወርድ የሚወጋ መርፌ ነው። ዱቄቱን ከውሃው መቀላቀል፣ መሳብ፣ ጭኗ ላይ መውጋት። ያ ብርቱካን ላይ የተንቀጠቀጠ እጅ አልተንቀጠቀጠም። አምቡላንስ ጠራ፤ በጎኗ አስተኛት፤ ጠበቀ። አስመለሳት። ዓይኗን ከፈተች። «አባ፣ በረደኝ» አለች።

ከዚያ ደወለልኝ። ያለኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

«ብርቄ፣ የያዝሽውን አስቀምጪ። ሺራ ራሷን ስታ ነበር፣ ተንዘፍዝፋለች። ኢንሱሊን ሁለት ጊዜ ተወግታ ነው፤ አንቺም እኔም። ግሉካጎን ወግቻታለሁ። ነቅታለች፣ ጠርታኛለች። አምቡላንሱ መጥቷል። ከአንዷ ሴት ጋር ታክሲ ይዘሽ ነይ።»

እጄ ላይ ድስት ነበር። አስቀመጥኩት። አልጮኽኩም፣ አልወደቅሁም፣ ፊቴን አልቧጨርኩም። ለምን እንደሆነ ታክሲው ውስጥ ገባኝ። «ነቅታለች» ሲለኝ አመንኩት። ክፉውን ሳይደብቀኝ ስለነገረኝ ደጉንም አመንኩት። እነዚያ ደግ ሽማግሌዎች በኦሪት ምለው ያልሰጡኝን እሱ በስልክ ሰጠኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከሆስፒታል ቤት ተመልሰን ሺራን ጠየቅናት። ሁለታችንም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ነበር።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እንደወጋሁሽ ለአባ ለምን አልነገርሽውም?»

ብርድ ልብሱን ቆነጠረች። «ብነግረው ይደውልልሻል» አለች። «ከዚያ ማን ወጋ፣ ለምን ወጋሽ ትባባላላችሁ። እንደዚያ ጊዜ ኮሪደር ላይ። ዝም ካልኩ አትጣሉም።»

ፈንታሁን ተነስቶ በረንዳ ወጣ። ልጃችን እንዳንጣላ ብላ ሞቷን በክንዷ ተቀብላ ነበር። መደበቅን ከማን ተማረችው? ከአባቷ አንሶላ፣ ከእናቷ መርፌና ክር።

ከበረንዳው ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «እኛ ፋብሪካ» አለ፣ «ፈረቃ ሲቀየር የሚወጣው ሠራተኛ ማሽኑ ያለበትን ችግር ለሚገባው ይነግረዋል። የሚገባው ደግሞ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይለዋል። ሳይመልስለት የሚወጣው ከቦታው አይነቃነቅም፤ አውቶቡስ ቢያመልጠውም። ማሽኑ እኮ ብረት ነው፣ ብርቄ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ አንተላለፍም። እሱ እስኪገባ ድረስ እኔ አልወጣም። ኩሽና ውስጥ ቆመን መጀመሪያ መጥፎውን እነግረዋለሁ፤ ከዚያ ስኳሯ ስንት እንደነበር፣ ምን እንደበላች፣ ማን ስንት ዩኒት እንደወጋ። እሱ መልሶ ይልልኛል። ሺራ አጠገባችን ትቆማለች፤ የተሳሳተ ካለ የማረም መብቱ የእሷ ነው፣ ስትቆጣን ደግሞ መምህሯን ትመስላለች። «አባ፣ ሎ ናኮን!» ትለዋለች፣ ትክክል አይደለም ማለቷ ነው። አለቃዬን ለምኛት ሩብ ሰዓት ዘግይቼ እንድገባ ፈቅዳልኛለች፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ በመስኮት አየዋለሁ።

በሽታው አልሄደም፣ አይሄድም። ትኩሳት ሲይዛት ስብ ሲቃጠል ደም ውስጥ የሚገባውን ኬቶን እንለካለን፤ ትንፋሿን ሳልሰማ ያደርኩበት ቀን የለም። ፈንታሁን አሁንም ዝም የሚልበት ቀን አለ፤ ያኔ እጁን እይዝና «ምን ደበቅኸኝ?» እለዋለሁ። አንዳንዴ ምንም የለም። አንዳንዴ አለ።

«ነገ ጠይቂኝ» ብላ በሐሰት ያላጽናናችኝን ሐኪም አመሰግናታለሁ። ብርቱካን አስይዛ ያስተማረችንን ነርስ፣ በአምቡላንስ የመጡትን ልጆች አመሰግናለሁ። አባባ አድማሱንና እማማ ጠጅቱንም፤ ያን ቀን ከአስፋልት ላይ ሲያነሱኝ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ፈንታሁንንም፤ «አትቀስቅሳት» ያልኩትን ባለመስማቱ።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ልጃችሁ ከወትሮው በላይ ውሃ ከጠጣች፣ ከሸናች፣ ከከሳች፣ ከደከማት፣ በዚያው ቀን ጣቷን አስወጉና ስኳሯን አስለኩ፤ የአንዲት ጠብታ ደም ጉዳይ ነው። ትንፋሿ ከፈጠነና አፏ ሽታ ከለወጠ ማር አትስጡ፣ አምቡላንስ ጥሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ለታማሚው ብቻ የተነገረ አድርጋችሁ አትስሙት፤ ለባልና ለሚስትም ነው።

ደግሞ አንድ ጠዋት አንሶላው ታጥቦ ተሰጥቶ ብታገኙት፣ ከማመስገናችሁ በፊት ለምን እንደታጠበ ጠይቁ።